«ከመንገድ የወጡትን መልስልን» ያለው እኔን ነበር

ጥያቄ፦

የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ በዓል የምናሳልፈው ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። እናቴም እሱ ጋ ነው የምትኖረው። ድሮ ከማዕድ በፊት የሚጸልየው አባቴ ነበር፤ የሁላችንንም ስም እየጠራ ይመርቀን ነበር። አሁን ወንድሜ ነው የሚጸልየው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቤተ እምነት መሄዴ በጣም ቀንሷል። እምነቴን ግን አልተውኩም። ማታ ልጆቼ ሲተኙ ብቻዬን እጸልያለሁ። ባለፈው በዓል ወንድሜ ሲጸልይ «ከመካከላችን ከመንገድ የወጡትን መልስልን» አለ። ሁሉም «አሜን» አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ከእሱ ንግግር ይልቅ የጎዳኝ የእሷ ዝምታ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ የ8 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ከመንገድ የወጣው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ባለቤቴ «ሁለተኛ እዚያ ቤት አንሄድም» ብሏል። ፈጣሪ ልቤን ያውቃል፤ በእኔና በወንድሜ መካከል እሱ ይፍረድ። ዘንድሮ ብቀር ይሻላል? ወይስ ሄጄ ዋጥ ላድርገው?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ መቅረቱም ሆነ ሆድ ይፍጀው ማለቱ የሚበጅሽ አይመስለኝም። ብትቀሪ «አላልናችሁም? ጭራሽ ተለየችን» ይባላል። ብትውጪው ደግሞ ፊትሽ ላይ መነበቡ አይቀርም፤ ልጅሽም ታየዋለች። ሌላ መንገድ አለ። እሱ ግን የሚጀምረው ከበዓሉ ቀን በፊት ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ በአጭሩ ያለፍሽው፣ እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር አለ። አባታችሁ የእያንዳንዳችሁን ስም እየጠሩ ይመርቁ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ቤተሰቡ በዓሉን በዓል የምታደርገዋን ሰዓትም አብሮ አጥቷል። ቦታው ባዶ ሆነ፤ ወንድምሽ ገባበት። «ከእንግዲህ እንዴት እናድርገው?» ብላችሁ የተነጋገራችሁ አይመስለኝም። ብዙ ቤት እንዲህ ነው የሚሆነው። ከሐዘን በኋላ የመጀመሪያው በዓል ይመጣል። ሁሉም እንደ ድሮው ሊያደርግ ይሞክራል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። ታላቁ ልጅ የአባቱን ወንበር ሲይዝ ሁሉንም የማረም ኃላፊነት አብሮ የወደቀበት ይመስለዋል። አባትሽ ስም ይጠሩ የነበረው ለመመረቅ ነው። ወንድምሽ ስም ሳይጠራ ወቀሰ።

ይህን የምልሽ እሱን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ያደረገው ልክ አይደለም። አሽሙር በጸሎት ውስጥ ሲገባ የተወጋው ሰው መልስ መስጠት አይችልም። በጨዋታ መሃል ቢሆን ኖሮ «ጋሼ፣ እኔን ነው?» ትይው ነበር። ለጸሎት ግን ምን ይባላል? ወይ «አሜን» ብለሽ ራስሽን ትወነጅያለሽ፣ ወይ ዝም ብለሽ ሰው ሁሉ ያይሻል።

መሬይ ቦወን የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪምና የቤተሰብ ሕክምና ፈር ቀዳጅ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ወገን ስበው ያስገባሉ ይል ነበር። ሦስተኛው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አማት ወይም ጓደኛም እንዲሁ። ማርክ በትለርና ጄምስ ሃርፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ሃይማኖተኛ ባልና ሚስቶች ሲጽፉ፣ ይህ ሦስተኛ ወገን ፈጣሪ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ሁለቱም ፈጣሪ ለሁለታችንም ይጨነቃል ብለው ሲያምኑ ጠቡ ይበርዳል። አንዱ «ከእኔ ጋር ነው» ብሎ ሲጠራው ግን ይከርራል። በእህትና በወንድም መካከልም ያው ነው።

አትቀየሚኝና፣ አንቺም ትንሽ ይህንኑ አድርገሻል። «በእኔና በወንድሜ መካከል እሱ ይፍረድ» ብለሻል። የተጎዳ ሰው አነጋገር ስለሆነ ይገባኛል። ግን ፍርድ የሚጠየቀው ንግግር ሲያልቅ ነው። እናንተ ገና አልጀመራችሁም።

ስለዚህ ከበዓሉ ቀደም ብለሽ ወንድምሽን ለብቻው አግኚው። በጽሑፍ መልእክት አይሆንም፤ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕማ በፍጹም። እናትሽም ሚስቱም ባይኖሩ ይሻላል፤ ሰው ፊት ከሆነ ልክ ነኝ ማለቱ አይቀርም። ንግግርሽ አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጋሼ፣ ስለ እኔ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ያን ቀን በጸሎትህ ያልከው ግን በጣም ጎድቶኛል። ልጄም ሰምታዋለች። ስለ እምነቴ የምትለኝ ካለ እንደዛሬው ለብቻዬ ንገረኝ፤ እሰማሃለሁ። ማዕድ ላይ ግን ይቅርብኝ።» ከዚያ ዝም በይ። ይቆጣ ይሆናል፤ «እኔ አንቺን አላልኩም» ይልም ይሆናል። «ብለሃል»፣ «አላልኩም» የሚለው ክርክር ውስጥ አትግቢ። «እሺ፣ ደስ ይለኛል፤ ዘንድሮም እንዳይባል ነው የለመንኩህ» ብለሽ እለፊው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስንት ጊዜ እንደምትጸልዪ፣ መቼ ቤተ እምነት እንደሄድሽ እየቆጠርሽ ሪፖርት አታቅርቢለት። አንዴ ከጀመርሽው በየበዓሉ ትጠየቂያለሽ። ወደ ቤተ እምነት ተመለሺ ወይም አትመለሺ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ለዚያ የምታምኚው የሃይማኖት አባት ወይም አስተማሪ ይኖርሻል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የቀረሽው በድካም ነው ወይስ ያስቀየመሽ ነገር ነበር? ለወንድምሽ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ሁለት ልጆች እያሳደጉ መድከም አንድ ነገር ነው፤ ቅያሜ ይዞ መራቅ ሌላ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ዝምታቸውን እንደ ፍርድ ወስደሽዋል። ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ በእሳቸው ቦታ ቁሚ። የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው። ባላቸው በሌሉበት ማዕድ ተቀምጠዋል። አንዱ ልጃቸው ሌላዋን ሲነካ የሚናገሩት ቢጠፋቸው አይደንቅም። ለምታምን እናት ልጇ ከቤተ እምነት መራቋ «እኔ ምን አጎደልኩ?» የሚል ጥያቄም ያመጣል። ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች አፍ አውጥተው አይናገሩትም። ስለዚህ ለማስረዳት ሳይሆን ለመጠየቅ ሂጂ። ከበዓሉ በፊት አንድ ከሰዓት አብረሻቸው ዋይ፣ ሥራ አግዢያቸው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። «እማዬ፣ ያን ቀን ምን ተሰማሽ?» በያቸው። የሚመልሱልሽ የማትወጂው ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስሚያቸው።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ላንሳ፤ የልጅሽን ጥያቄ። የሰጠሻት መልስ ስለሌለ እሷ በራሷ መልስ ታበጅለታለች። ልጆች ባዶ ቦታ አይወዱም። «ያን ቀን የጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል?» ብለሽ አንቺው መልሰሽ አንሺው። አጎቷን አታሚላት፤ አትዋሺያትም። «አጎትሽ እኔ ቤተ እምነት ብዙ ስለማልሄድ ይጨነቃል። ስላዘንኩ ልነግረው ነው። እኔም እጸልያለሁ» ብትያት ለ8 ዓመት ልጅ ይበቃታል።

ለመሆኑ ስትጸልዪ አይታሽ ታውቃለች? የምትጸልዪው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው ብለሻል። እንግዲህ ልጅሽ የምታውቀው እምነት አጎቷ ቤት በበዓል ቀን፣ እናቷ አንገቷን ስትደፋ ያየችው ነው። አንቺ በየቀኑ የምታደርጊውን አታውቀውም። ለታይታ አድርጊው እያልኩሽ አይደለም፤ ለወንድምሽ ማስረጃ እንዲሆንም አይደለም። አንድ ማታ ከመተኛቷ በፊት አጠገቧ ሆነሽ ብትጸልዪ፣ የእሷንም ስም ብትጠሪ፣ አባትሽ ያደርጉት የነበረው ነገር በአንቺ በኩል ቀጠለ ማለት ነው። የተሾመ ሰው አያስፈልገውም፤ ትልቅ ማዕድም አይጠይቅም።

«ታዲያ ቤቴ ውስጥ ይህን ካደረግኩ የዘመድ በዓል ለምን ያስፈልገኛል?» ትይኝ ይሆናል። ስቲቨን ዎሊንና ሊንዳ ቤኔት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከወላጆች አንዱ የመጠጥ ችግር ያለበትን ቤተሰቦች ነበር የተመለከቱት። መጠጡ በዓላቸውንና አብሮ የመብላት ልማዳቸውን ያላፈረሰባቸው ቤተሰቦች ችግሩ ወደ ልጆቻቸው የመተላለፉ ነገር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ ጥናቱም የዓለምን ቤተሰብ ሁሉ አይወክልም። ግን አንድ ነገር ይጠቁማል። ቤት ውስጥ ችግር መኖሩ ብቻውን በዓሉን ዋጋ አያሳጣውም፤ ችግሩ በዓሉን እንዲቀማ ከተፈቀደለት ነው ጉዳቱ የሚብሰው። ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ጥናት ደግሞ የቤተሰባቸውን ታሪክ በደንብ የሚያውቁ ልጆች ስለ ራሳቸው የተሻለ ግምት እንዳላቸው አይተዋል። ልጆችሽ ስለ አያታቸው የሚሰሙት ከማን ነው? ከእናትሽና ከዚያው ከወንድምሽ ነው።

እንግዲህ ወንድምሽን ስታገኚው አንድ ሐሳብም ይዘሽ ሂጂ። ከጸሎቱ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ስለ አባታችሁ አንድ ነገር ያስታውስ፤ የሚጀምሩት እናትሽ ይሁኑ። ወይም ጸሎቱ በየበዓሉ ይዙር፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እናትሽ፣ አንዴ አንቺ። ሁለተኛውን ላይቀበለው ይችላል። የመጀመሪያውን እንቢ የሚል ልጅ ግን ብዙ አይገኝም።

ተነጋግራችሁም ያንኑ ቢደግመውስ? ከወዲሁ ወስነሽ ሂጂ። ማዕዱን ጨርሺ፣ እናትሽን ተሰናበቺ፣ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብለሽ ውጪ። አትጣዪ፤ በር አትወርውሪ። በሚቀጥለው በዓል እናትሽን በዋዜማው ወይም በማግስቱ ለብቻቸው መጠየቅ ትችያለሽ። ስድብ ወይም ማስፈራራት ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ብቀር ይሻላል ወይ ብለሽ እኔን መጠየቅም አያስፈልግሽም።

የቀረው ባለቤትሽ ነው። የተቆጣው ስላዘነልሽ ነው፤ አመስግኚው። ነገር ግን ወንድምሽን የሚያነጋግረው እሱ አይሁን። እሱ ከገባበት የወንድምና የእህት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የአማች ጠብ ይሆናል። በዓሉ ቀን አጠገብሽ ይቀመጥ፤ «እንሂድ» ስትይው ለምን ሳይል ይነሳ። ከእሱ የሚፈለገው ይኸው ነው።