ትልቁ አማካሪ ቢሮ ወይስ ትንሹ ኢንቴሪየር ቤት? ለጠየቅሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዘንድሮ ከአርክቴክቸር ተመርቀሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሁለት ቦታ ጠርተውሻል። አንዱ ትልልቅ ሕንፃ የሚነድፍ ስም ያለው አማካሪ ድርጅት ነው። ሌላው ትንሽ ነው። ቤትና ሱቅ ይነድፋል፣ የውስጡንም ሥራ ራሱ ሠርቶ ያስረክባል። ደመወዙ ተቀራራቢ ነው። «ኑሮው ምን ይመስላል? የቱን ልያዝ?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ትልቁን ያዢ፣ ሲቪ ላይ ያምራል» ብለዋል። እኔ ትንሹን እልሻለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ፤ ሳይት (ሥራው የሚሠራበት ቦታ) የሚልኩሽ ከሆነ ብቻ።

በሁለቱም ዓይነት ቢሮ ሠርቻለሁ። አሁን ያለሁትም አርክቴክቸርና ኢንቴሪየር (የውስጥ ዲዛይን) አንድ ላይ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ያየሁትን ነው።

ከትልቁ ልጀምር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ መደባቸው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለውና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው «ሐ» ውስጥ ገባ። ትልልቅ ቢሮዎች የሚውሉት እዚያ ላይ ነው። ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ከስትራክቸር፣ ከሳኒተሪና ከኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጋር ፕላን ማናበብ ትለምጃለሽ። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ምን ብሎ እንደሚመልስብሽ ታውቂያለሽ። ነገር ግን አዲስ ለገባ ሰው የሚሰጠው የሽንት ቤት ዝርዝር ሥዕል፣ ደረጃ፣ የበርና የመስኮት ሰንጠረዥ ነው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ አንድ ሰው ሊሠራው ግድ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የሣልሽው በር ተገጥሞ ሳታዪው ቢሮ ትቀይሪያለሽ። ሕንፃ ዓመታት ይፈጃል። ባለቤቱ ገንዘብ ካጠረው ደግሞ አጽሙ ቆሞ ይቀራል። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት አለ!

ኢንቴሪየር ላይ ግን ዛሬ የሣልሽውን በሚቀጥለው ሳምንት አናጺው ይቆርጠዋል። ካልሆነ አለመሆኑን ያን ቀን ታውቂዋለሽ። አርክቴክት የሚያደርግሽ ይሄ ይመስለኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ደንበኞች ፒንተረስት ላይ ያዩትን ኪችን ይዘው ይመጣሉ። ነጭ ካቢኔት፣ መሐሉ ላይ አይላንድ (ለብቻው የቆመ ጠረጴዛ)፣ ከላይ የሚንጠለጠል መብራት። ቢሮ ውስጥ ሪንደሩ (ያለቀ ፎቶ የሚመስለው የኮምፒውተር ሥዕል) ይሠራል፣ ሁሉም ይወደዋል፣ ይፈረማል። ሳይት ላይ አናጺው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «ኢንጂነር፣ ምጣዱስ?» ይላል። (አዎ፣ ሳይት ላይ ሁላችንም ኢንጂነር ነን። አርክቴክት ነኝ ብለሽ አትድከሚ።)

የዚያን ጊዜ ነው ሥራው የሚጀመረው። መደበኛ ካቢኔት ጥልቀቱ 60 ሳንቲም ነው። የእንጀራ ምጣድ ሸክላው ብቻ ወደ 60 ይጠጋል። ማቀፊያው ሲጨመር ከጠረጴዛው ያልፋል። ቁመቱም አይሆንም። ሽንኩርት ለመክተፍ 85 ወይም 90 ሳንቲም ጥሩ ነው። ሊጥ አዙሮ ለማፍሰስ፣ አክንባሎ ለማንሳት፣ እንጀራውን በሰፌድ ለማውጣት ግን ክንድ ከላይ ወደ ታች መድረስ አለበት። 70 ወይም 75 ይበቃል። መብራቱን ደግሞ አስቢ። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ለብቻው መስመርና ብሬከር ካልተሰጠው ምድጃው ሲበራ ቤቱ ይጨልማል። ከዚያ እንፋሎቱ አለ። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ከላይ ያለውን ካቢኔት ይመታዋል። ካቢኔቱ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ) ከሆነ ከሥሩ ያብጣል፣ ልባሱም ይላጣል። ስለዚህ ከምጣድ በላይ ካቢኔት አይሰቀልም።

ይህ ሁሉ ታስቦ አንድ ኤ3 ወረቀት ላይ ይወጣል። መስኮት አጠገብ ዝቅ ያለ፣ 75 ሳንቲም ጥልቀት ያለው፣ ግራናይት የለበሰ ማስቀመጫ፣ የራሱ ሶኬት ያለው። ሲያዩት ምንም አያስደንቅም፤ ኢንስታግራም ላይም አይወጣም። ግን የቤቱ እመቤት በየሁለት ሦስት ቀኑ ትጋግርበታለች። አይላንዱ ላይ የሚቀመጠው ፖስታና ቁልፍ ነው።

ጥያቄሽ ስለ ኑሮውም ስለሆነ ቀኑ እንዴት እንደሚውል ልንገርሽ። ቢሮ የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስልኩ የሚጀምረው ግን ከ1 ሰዓት ነው። ፎርማኑ «ሴራሚኩ አልደረሰም» ይላል። ጂፕሰም ሠሪው «የኮርኒሱ ከፍታ ከስንት ይነሳ?» ይላል። ደንበኛዋ ሌሊት ሌላ ፎቶ አይታ አድራለች። ረፋድ ላይ ፕላን ትሠሪያለሽ፣ ከሰዓት መርካቶ ዕቃ ምርጫ ነሽ። እዚያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የማይነግሩሽ ነገር አለ። ሴራሚክ ስሙና ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቀለሙ ከካርቶን ካርቶን ሊለይ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የምርት መለያ አንብቢ። ለብክነት 10 በመቶ ጨምረሽ በአንድ ጊዜ አስገዢ። «የጎደለውን በኋላ እናመጣለን» የሚባለው ነገር ሳሎን መሐል መስመር ሠርቶ ይቀራል።

ዋጋ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የፊኒሺንግ (የማጠናቀቂያ) ዕቃ ዋጋው አልረጋ አለ። እኛ ዋጋ ስናቀርብ የሚጸናበትን ቀን በጉልህ መጻፍ ጀመርን። ደንበኛ ሲዘገይ ዲዛይኑም ይለወጣል። የውጭ ፖርሴሊን የነበረው የአገር ውስጥ እብነ በረድ ወይም ቴራዞ ይሆናል። እኔ እንደውም አንዳንዱ ከለውጡ በኋላ ነው ያማረው ባይ ነኝ። አለቃዬ በዚህ አይስማማም።

ልኬት ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። የተሠራ ቤት ከፕላኑ ጋር ይገጥማል ብለሽ አትመኚ። ኮንዶሚኒየምም ይሁን ሪል ስቴት፣ ግድግዳው ያዘነብላል፣ ማዕዘኑም 90 ዲግሪ ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ዲያጎናል (ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን) ለኪ። ቁም ሳጥን የሚገባበትን ቦታ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ለኪ፣ ትንሹን ቁጥር ያዢ። ይህን ማንም ጠርቶ አያስተምርሽም፤ ሜትር ይዘሽ ስትሄጂ ትማሪዋለሽ።

ሴት በመሆንሽ የሚገጥምሽም አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። መጀመሪያ ሰሞን ፎርማኑ አንቺ ጠይቀሽው መልሱን ለሾፌሩ ይነግራል። እኔ አልተከራከርኩም። ከጂፕሰም በፊት የኤሌክትሪክ ቱቦው የቱ ጋ እንደቀረ እኔ ሳሳየው፣ በማግስቱ መደወል የጀመረው ለኔ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይለወጥም። የማይለወጠውን ለአለቃሽ ንገሪ፣ አለቃሽ ካልሰማሽ ያ ስለ ቢሮው ብዙ ይነግርሻል።

የትንሽ ቢሮን ጉድ ደግሞ ልንገርሽ፣ አለበለዚያ ያታለልኩሽ ይመስላል። ብዙዎቹ «ዲዛይኑ ነጻ ነው፣ ሥራውን ስጡን» ብለው ነው ደንበኛ የሚይዙት። እንዲህ ሲሆን ያንቺ ሥራ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ደንበኛው አምስቴ ቢያስለውጥሽም ማንም አያዝንም፣ የተከፈለበት ነገር የለማ። ለዲዛይን ለብቻው የሚያስከፍል ቢሮ ካገኘሽ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው፣ ደንበኛ ክፍያ ሲያዘገይ ደመወዝም ይዘገያል። «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል ቃል በቃለ መጠይቁ ላይ ደጋግመሽ ከሰማሽ ጠርጥሪ።

ማምሸት በሁለቱም ቢሮ አለ። ኮሌጅ እያለን ለጁሪ (ሥራችንን ለመምህራን ለማቅረብ) ስናድር ስለኖርን የሚገባን አይመስለንም፣ ግን ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ ሥራን በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ ያለው እስከ ማታ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከ4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በእጥፍ ይታሰባል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። «ስድስት ወር እንይሽ» ካሉሽ ይህን አስታውሻቸው። ለትርፍ ሰዓት በትክክል ሲከፍል ያየሁት ቢሮ ጥቂት ነው። ቢያንስ ግን ማታ ስታመሺ የታክሲ ማን እንደሚከፍል አስቀድመሽ ጠይቂ። ጡረታም ይጠየቃል፤ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ሪንደር ሲያሳዩሽ «ያለቀውን ማየት እችላለሁ?» በያቸው። ሥራውን የሚወድ ቢሮ ደስ ብሎት ይወስድሻል። ከዚያ የሚሥለውን ሰው ማን ሳይት እንደሚወስደው፣ ኮምፒውተር እነሱ ይሰጡሽ እንደሆነ ወይም የራስሽን ላፕቶፕ እንደምታመጪ ጠይቂ። ሪንደር በራስሽ ላፕቶፕ ከሠራሽ ዓመት ሳይሞላ ይሞታል። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ደግሞ ከውብ ውብ ሥዕሎቹ መሐል አንድ ዝርዝር ሥዕል አስገቢ፤ የመሳቢያም ይሁን የመስኮት ደፍ፣ በ1 ለ 5 ስኬል የተሣለ። እኛ ቢሮ አመልካቾችን ስናይ እዚያ ገጽ ላይ ነው የምንቆመው።

ትንሹ ቢሮ «ሳይት የሚሄድ ሰው አለን፣ አንቺ ሪንደር ብቻ ነው» ካለሽ ግን ያልኩሽን ሁሉ ገልብጪውና ትልቁን ያዢ። እዚያ ቢያንስ ፈቃድ የሚያልፍ ፕላን መሥራት ትማሪያለሽ።