መልስ፦ የኮምፒውተር ጌጥ መብራት ድምፅ ይረብሻል?
ሊረብሽ ይችላል፣ ኮምፒውተሩን ግን አይጎዳውም። ደሴ ላይ መንዙማ በምትቀዳበት ኮምፒውተር ውስጥ መብራቱን ካስገባህ ወዲህ ማይክሮፎኑ «እዝዝ» ማለት ጀመረ ብለሃልና ጥርጣሬህ ተገቢ ነው።

የመብራቱ ድምቀትና ቀለም የሚስተካከለው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ በማብራትና በማጥፋት ነው። ይህ ምት ከኮምፒውተሩ ሳጥን ፊት ለፊት ወደ ማዘርቦርዱ (ወደ ዋናው ሰሌዳ) በሚሄደው ቀጭን የድምፅ ገመድ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ኮምፒውተሩን አጥፍተህ የመብራቱን ገመድ ንቀልና እንደገና ቅዳ። ድምፁ ካልጠፋ መብራቱን ተወው፤ ሶኬትህ የመሬት መስመር እንዳለው በባለሙያ አስፈትሽ። ከጠፋ ደግሞ ማይክሮፎኑን ከሳጥኑ ኋላ ሰካ፣ የመብራቱንም ገመድ ከድምፁ ገመድ አርቀህ እሰረው። አሁንም ድምፁ ካልጠፋ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ ከሳጥኑ ውጭ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ይገላግላል። ወይም በቀረጻ ሰዓት መብራቱን አጥፋው፤ መንዙማውን የሚሰማው ሰው ሳጥንህን አያየውም።

ገመዱን ስትመልስ ግን ተጠንቀቅ። በአብዛኛው ባለ 3 ቀዳዳው 5 ቮልት፣ ባለ 4 ቀዳዳው 12 ቮልት ነው። ባለ 5 ቮልቱን መብራት 12 ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል፤ ለጥገና የሚመጡልኝ ብዙዎቹ መብራቶች የተበላሹት እንዲህ ነው። ከመሰካትህ በፊት በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ።