ላይጌሽንና ሙቀት፦ ጠይቁኝ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ የላብ ሰዎች። ሰሞኑን ላይጌሽን (የተቆረጡ የዲኤንኤ ጫፎችን መግጠም) እምቢ ብሏችሁ ጂናችሁ ፕላዝሚድ (ክብ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) ውስጥ አልገባ ያላችሁ ስለበዛችሁ እዚሁ ጠይቁ፣ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ላይጌሽን ለምን በ16 ዲግሪ? ኢንዛይሙ የሚወደው እሱን ነው?

መልስ፦ ኧረ እሱስ ሞቅ ያለ ነው የሚወደው። ቲ4 ላይጌዝ (ጫፎቹን የሚገጥመው ኢንዛይም) 25 ዲግሪ ላይ ይፈጥናል። ችግሩ ዲኤንኤው ጋ ነው። ኢኮ አር አይ የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም ቆርጦ የሚተወው ተንጠልጣይ ጫፍ 4 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ብቻ ነው፤ በዚያች የተያያዙ ሁለት ጫፎች ሙቀት ሲጨምር ቶሎ ይላቀቃሉ፣ ላይጌዙ ደግሞ የሚገጥማቸው ተገናኝተው ሲያገኛቸው ነው። 16 ዲግሪ እንግዲህ የሁለቱ ሽምግልና ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮቶኮሉ "በክፍል ሙቀት" ይላል። የደሴ ክፍል ነው የኮምቦልቻ?

መልስ፦ ሃሃ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ጸሐፊዎቹ የሚያስቡት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። የደሴ ክፍል በብርዱ ወቅት ከዚያ ይወርዳል። ቴርሞሜትር አስቀምጡ፣ ከቀዘቀዘም ጊዜውን አርዝሙት፤ 10 ደቂቃ የተባለውን አንድ ሰዓት ብታቆዩት አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ሙቀቱን የሚጠብቅልኝ ፒሲአር ማሽን ተይዟል፣ መብራትም ይሄዳል። ሌሊቱን እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ አብሽር። የፎም ሳጥን ውስጥ በረዶና ውሃ ጨምር፣ ቱቦውን አንሳፍፈህ ክዳኑን ዘግተህ ወደ ቤትህ። በረዶው ሲቀልጥ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ፍሪጅ ውስጥ 4 ዲግሪም ለተንጠልጣይ ጫፍ ይሠራል፣ ዝግ ይላል እንጂ።

ጥያቄ፦ ጫፉ እኩል የተቆረጠ ከሆነስ?

መልስ፦ የሚያያዝ ቤዝ ስለሌለው ማቀዝቀዙ ያን ያህል አይጠቅመውም። በክፍል ሙቀት 2 ሰዓት፣ ላይጌዙን በዛ አድርጎ፣ ፒኢጂም (ሞለኪውሎቹን የሚያቀራርብ ፖሊመር) ቢኖር ይረዳል። ግን ፒኢጂ ካለበት መጨረሻ ላይ ላይጌዙን ለማስቆም ብላችሁ 65 ዲግሪ አታሙቁት፣ ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባቱን ያበላሽባችኋል።

ጥያቄ፦ በ16ም በ22ም ሞከርኩ፣ አንድ ኮሎኒ (የበቀለ የባክቴሪያ ክምችት) የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ዲግሪውን ተይውና በፈሩን (ላይጌዙ የሚሠራበትን ፈሳሽ) እዪ። ውስጡ ያለው ኤቲፒ (የላይጌዙ ጉልበት) በፈሩ እየቀለጠና እየረጋ ሲመላለስ ይፈርሳል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪዘርሽ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። አዲስ ሲመጣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዪው። ሌላ፣ ፎስፌቱን ያነሳሽለት ቬክተር (ጂኑን የሚቀበለው ፕላዝሚድ) ላይ በተራ ፕራይመር (ፎስፌት በሌለው የፒሲአር መነሻ ቁራጭ) የወጣ የፒሲአር ምርት ሳትቆርጪ ከጨመርሽ ላይጌዙ ለመግጠም የሚፈልገው ፎስፌት ከሁለቱም ወገን የለም፤ በየትኛውም ዲግሪ አይገጥምም። ይህም ካልሆነ ያልተቆረጠ ፕላዝሚድ ለብቻው ወደ ባክቴሪያው አስገቢ። እሱም ካልበቀለ ሴሎችሽ ሞተዋል፣ ላይጌዙን አትውቀሺው።