ከኩፖኑ ስንት ላስቀምጥ? ከጋሽ መጋዘን ጋር ጥያቄና መልስ

የአዳማው የአስቤዛ ቡድናችን የቅዳሜ ጥያቄና መልስ ይኸው። መላሹ ጋሽ መጋዘን ናቸው። ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ስለጨረሱ ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። የዛሬው ጉዳይ በሸማቾች ኩፖንም ሆነ በእሁድ ገበያ ዋጋው ደህና ሲሆን ምን ያህል ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል የሚል ነው።

ጋሽ መጋዘን፦ እንደምን ዋላችሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ዕቃው በስንት ቀን ያልቃል? የት ነው የምታስቀምጡት? ይህን ካልነገራችሁኝ መልሴ ግምት ነው። እኔ ደግሞ ጠንቋይ አይደለሁም።

የዳቤዋ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሸማቾች ዘይት ገብቷል። የራሴን ድርሻ አለኝ፤ ጎረቤቴም የእሷን ኩፖን ውሰጂው ብላኛለች። አምስት ነን። 5 ሊትር ዘይት 20 ቀን ይሄድልናል። የማስቀምጠው ጓዳ ነው። ስንት ልያዝ?

ጋሽ መጋዘን፦ ጎሽ! ጥያቄ እንዲህ ነው። 5 ሊትር በ20 ቀን ማለት በወር 7 ሊትር ተኩል ነው። የሁለት ወር ያዢ፣ 15 ሊትር። ሦስት ባለ 5 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቢሰጡሽም ተዪው።

ለምን ሁለት ወር? ሸማቾች ዘይት በየወሩ አይገባም፤ አንዳንዴ አንድ ወር ይዘላል። ያንን የተዘለለ ወር የሚያሻግር ይበቃሻል። ኩፖን የሚነግርሽ ሊሸጡልሽ የሚችሉትን ነው እንጂ የምትበሉትን አይደለም። ሰው ግን ድርሻዬ ቀረች ብሎ ይቆጨዋል፣ ተበድሮም ያነሳል። ከዚያ ጀሪካኑ በቆርቆሮው ሥር በግንቦት ፀሐይ ሲጋገር ይከርማል። ዘይት የሚያበላሸው ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ነው። አዳማ ሦስቱም ሞልቷል። ከጓዳሽ ጨለማና ቀዝቃዛ የሆነውን ጥግ ምረጪ፣ ከምድጃው አርቂው። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቺ። ደግሞ የገዛሽበትን ቀን በማርከር ጻፊበት።

የጎረቤትሽን ኩፖን ጉዳይ እዚያው ሸማቾቹን ጠይቂ። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፣ ቀበሌ አይደለሁም።

ወንደላጤው፦ ጋሼ ስንት ልግዛ?

ጋሽ መጋዘን፦ ምኑን? ለስንት ሰው? ከላይ አንብብ።

የፍራንኮው ልጅ፦ ከሸማቾች ያመጣነው ዘይት ሌሊት ረግቶ አደረ። ተበላሽቷል እንዴ? እናቴ ልትመልሰው ነው።

ጋሽ መጋዘን፦ አልተበላሸም። የፓልም ዘይት ነው፣ ቀዝቀዝ ሲል ይረጋል። በታኅሣሥ ሌሊት እዚህም ይረጋል። ፀሐይ ሲወጣ ይፈታል።

መምህሯ፦ የሚረጋው ዘይት ግን ለልብ ጥሩ አይደለም ይባላል። ፈሳሹ የሱፍ ዘይት አይሻልም?

የፍራንኮው ልጅ፦ አያቴ ዕድሜዋን በሙሉ የሚረጋውን በልታ ይኸው አለች።

መምህሯ፦ አያትህ ከቅቤ ጋር ሌላ ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቃቸው። በእግራቸው ነበር ገበያ የሚሄዱት።

ጋሽ መጋዘን፦ የልብን ነገር ለሐኪም። ወደ ጉዳያችን።

የቦኩ እናት፦ ጋሽ መጋዘን፣ አራት ነን። አንድ ኩንታል ጤፍ ሁለት ወር ተኩል ያደርሰናል። ጥር መጨረሻ ላይ ረከስ ሲል ሦስት ኩንታል ልያዝ ብል ባለቤቴ ይነቅዛል አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ መጋዘን፦ ይኸውልሽ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝና ጤፍ አይነቅዝም በይው። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ የሚያድግበት ቦታ የለውም። በደንብ የደረቀ ጤፍ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ በጤፍ ላይ ገደብሽ ብልሽት አይደለም፣ ኪስሽና ቦታሽ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንይ። ጥር መጨረሻ 2 ኩንታል ከገዛሽ ሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ማለትም ክረምቱ ሲገባ፣ መንገዱ ሲጨቀይና ዋጋው ሲወጣ ባዶ እጅሽን ነሽ። 3 ኩንታል ከሆነ እስከ መስከረም አጋማሽ ያደርስሻል። ስለዚህ ሳትበደሪ ከቻልሽ ሦስቱን ያዢ። ተበድረሽ ከሆነ ግን አንዱ ይበቃል። የምንጃሩም የሉሜውም የአድአውም ጤፍ አጠገባችን ነው፣ የትም አይሄድብሽም።

ስትገዢ ከላይ ያለውን አይተሽ አትመኚ። እጅሽን እስከ ክርንሽ ኩንታሉ ውስጥ ክተቺ። መሃሉ ላይ ሞቅ ካለሽ አልደረቀም፣ ተዪው። ደረቅ እህል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ በጣቶችሽ መሃል ይፈስሳል። እርጥቡ መዳፍሽ ላይ ይለጠፋል።

ቤት ስታስገቢ ሲሚንቶው ላይ አታስቀምጪ። ወለል ከሥሩ እርጥበት ያወጣል። ከላይ ሁሉ ሰላም ነው፣ ገልብጠሽ ስታዪ የከረጢቱ ቂጥ ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ እህሉ ቋጥሮ ታገኚዋለሽ። ሥሩ ሳንቃ አንጥፊ። ከግድግዳውም አንድ ክንድ አርቂው፣ ዙሪያውን መጥረግ እንድትችዪ። የጤፍ ጠላቱ አይጥ ነው፣ አይጥ ደግሞ ያልተጠረገ ጥግ ይወዳል።

ዱቄቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስቱንም ኩንታል ወፍጮ ቤት ወስዳ የምታስፈጭ አለች፣ አውቃታለሁ፣ ይህን እያነበበች ነው። ጤፍ ከነቆዳው ስለሚፈጭ በፍሬው ውስጥ ያለው ቅባት አብሮ ይወጣል። በዚህ ሙቀት ሽታው ይለወጣል፣ እንጀራውም ያሳብቃል። 25 ኪሎ 25 ኪሎ እያላችሁ አስፈጩ።

ወንደላጤው፦ ስኳርስ ጋሼ?

ጋሽ መጋዘን፦ ደረቅ ከሆነና ከተከደነ አይበላሽም። ጠላቱ ጉንዳንና እርጥበት ነው። ወንጂ ከ1946 ጀምሮ እዚህ አፍንጫችን ሥር ስኳር ያመርታል፣ እኛ ግን አሁንም ለኪሎ እንሰለፋለን። ይህ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ስንት ሰው እንደሆንክ አሁንም አልነገርከኝም።

ባለ ሱቁ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ግን የሁለት ወር ምን ያደርጋል? ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የተጠቀመው ዕቃ የያዘ ነው። ያገኙትን ሁሉ ማንሳት ነው።

ባለ እቁቧ፦ አንተ ሱቅ አለህ፣ ትሸጠዋለህ። እኛ ደመወዛችንን ዘይት ላይ ካሰርነው የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ ጀሪካን ይዘን ልንሄድ ነው?

ባለ ሱቁ፦ እቁብሽ ይወልዳል እንዴ? የጣልሽው ብር ሲደርስሽ ግማሽ ዕቃ አይገዛም።

ባለ እቁቧ፦ አይወልድም። ግን አይከረፋም።

ከሸማቾች፦ እኔ ማከፋፈያው ላይ ነው የምሠራው። ሰው በሁለትና በሦስት ካርድ ሲያነሳ ከኋላ የተሰለፈች እናት ባዶ ጀሪካን ይዛ ትመለሳለች። የምትሰድበው ደግሞ እኔን ነው።

ባለ ሱቁ፦ በጓሮ በር የሚወጣውስ?

ከሸማቾች፦ ያየኸው ካለ በስሙ ተናገር። በደፈናው አትበለን።

የፍራንኮው ልጅ፦ ኧረ ተዉ! ጋሼ ይመልሱ።

ጋሽ መጋዘን፦ ጨረሳችሁ? ባለ ሱቁ ግማሽ እውነት አለው፣ ዋጋ ይንራል። የዛሬ ዘይት ከነገው ይረክሳል። ግን በርካሽ ገዝተህ የደፋኸው ዘይት ከውድ ዘይት የባሰ ውድ ነው። ቤተሰቡ ሳይበላሽ ከሚጨርሰው በላይ ያስቀመጠ ሰው ነጋዴ ሆኗል ማለት ነው። ንግድ ደግሞ ፈቃድ፣ መጋዘንና ገዢ ይፈልጋል። ሦስቱ ከሌሉህ የጓዳህን ልክ ጠብቅ።

ጠበቃ ነኝ ባዩ፦ ብዙ ማስቀመጥ በሕግ አያስጠይቅም?

ጋሽ መጋዘን፦ የሕግን ጥያቄ ለሕግ ሰው። ቀጣይ።

የገንደ ሀራዋ፦ ሰባት ነን። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ባቄላ፣ ሽምብራና አተር በብዛት ልገዛ ነው። አምና በሁለት ወር ውስጥ ባቄላዬ ወንፊት ሆነ። ሰዎች የነቀዝ ክኒን ከተቺበት አሉኝ።

ጋሽ መጋዘን፦ ክኒኑን እንዳትነኪው። ደግሜ ልበል፣ እንዳትነኪው። ፎስቶክሲን የሚሉት እርጥበት ሲያገኘው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከከረጢቱ ይወጣል፣ በበር ሥር ይሾልካል፣ የተኛ ሰው ይገድላል። ማርከሻ የለውም። የሚሠራው ሰው በማይኖርበት መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ነው። ሰው የሚተኛበት ቤት አይገባም።

አሁን ወደ ባቄላሽ። ነቀዝ ከውጭ አይመጣብሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ አብሮሽ ነው የሚገባው። እንቁላሉ ፍሬው ላይ ነው። በአዳማ ሙቀት በወር አካባቢ አድጎ ይወጣል፣ ይዋለዳል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ወንፊት ታገኚያለሽ። ስለዚህ መጠንሽን የሚወስነው ይህ ዙር ነው። ምንም ሳታደርጊ የምታስቀምጪ ከሆነ ከአንድ ወር በላይ አትግዢ።

ለጾሙ 55 ቀን የሚሆን ከፈለግሽ ግን አየር የማያስገባ ከረጢት ግዢ። ፒክስ የሚባለው አለ፤ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጪው የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የደረቀ እህል ትሞዪና አየሩን ጨምቀሽ አንገቱን እየጠመዘዝሽ እያንዳንዱን ለየብቻ ታስሪዋለሽ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። በየሳምንቱ እየፈታሽ ካየሽው ግን ዋጋ የለውም። የወር የወሩን ለብቻ አውጥተሽ ትልቁን አትንኪው።

መድረቁን እንዲህ እወቂ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨው አድርጊ፣ የጨውን ሦስት እጥፍ እህል ጨምሪበት፣ ክደኚና በደንብ ናጪው። ትንሽ ጊዜ ሰጥተሽ እዪው። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ይምታው። ጠርሙሱ ጠርቶ ከታየ አስገቢ።

ደግሞ የጾሙን ፍጆታ በሌላው ወር አትለኪ። ሽሮና ዘይት በጾም ይበረታል፣ እንቁላልና ቅቤ ይቆማል። አምና በጾም ስንት ኪሎ ሽሮ እንደሄደ ታስታውሻለሽ? ካላስታወስሽ ዘንድሮ ጻፊ።

ሠራተኛዋ፦ ፍሪዘር ውስጥስ ባደርገው?

ጋሽ መጋዘን፦ ትንሽ ከሆነ አዎ። ለአራት አምስት ቀን በደንብ ከቀዘቀዘ ነቀዙ ይሞታል። መብራት ካልጠፋ። ለኩንታል አይሆንም።

መምህሯ፦ ጨውስ? አዮዲን ያለበትን በካርቶን ገዛሁ።

ጋሽ መጋዘን፦ ጨው አይበላሽም፣ አዮዲኑ ግን በእርጥበት፣ በፀሐይና በሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ ጨውን እንደ ስኳር አታከማቹት። የጥቂት ወር ይበቃል፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ። ወጡ ላይም መጨረሻ ላይ ጨምሪው።

ወንደላጤው፦ ሽንኩርት ስንት ልግዛ?

ጋሽ መጋዘን፦ የሳምንት! መቂና ባቱ እዚህ ናቸው፣ ሽንኩርት በየቀኑ ይገባል። አየር ያለበት ቦታ አስቀምጠው፣ ከድንች ለየው፣ በፌስታል አትቋጥረው። ስንት ሰው ነህ?

ወንደላጤው፦ ብቻዬን ነኝ። ቁርስ ብቻ ነው ቤት የምበላው።

ጋሽ መጋዘን፦ እና ምን አስጨነቀህ? ኩፖንህን ለሚበላበት ቤት ቦታ ልቀቅለት።

የገንደ ሀራዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። ክኒኑን አትንኪ ብለዋል፣ ግን ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ሁለት ፍሬ ስንዴው ውስጥ ከቷል። አሁን ነው የነገረኝ። ስንዴው ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ነው።

ጋሽ መጋዘን፦ ሁሉም ሰው አሁኑኑ ይውጣ። ስትወጡ በርና መስኮቱን ክፈቱ። ከረጢቱን አትፍቱ፣ አታንቀሳቅሱ፣ ውኃ አታፍስሱበት። አይሸትም ብላችሁ አትመለሱ፣ ሳይሸትም ይገድላል። ከልጆቹ አንዱ ራሴን አመመኝ፣ አስመለሰኝ፣ ደረቴን ጨመቀኝ ካለ ቀጥታ ሐኪም ቤት፣ የክኒኑንም ስም ንገሯቸው። ከረጢቱን የሚያነሳው የሚያውቅ ሰው ነው፣ የግብርና ቢሮ ባለሙያ ጠይቁ። የዛሬ ማደሪያችሁ ሌላ ቤት ይሁን። ከደጅ ሆነሽ ጻፊልኝ።

የገንደ ሀራዋ፦ ወጥተናል ጋሼ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አክስታቸው ጋ ልወስዳቸው ነው።

ጋሽ መጋዘን፦ ይሁን። የበርበሬ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ። ቤታችሁ ክኒን ያለ ሌላ ሰው ካለ በግል ይጻፍልኝ፣ አልቆጣም።