ቅርጹን ያወጣው ፕሮግራሙ ከሆነ ፓተንቱ ላይ ማን ይጻፍ?

ጥያቄውን ላልተከታተላችሁ ባጭሩ፦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያቀዘቅዝ ሳህን የሚሠራ አንድ ቡድን ውሃው የሚያልፍበትን ቦይ ቅርጽ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስወጥቶ ጥሩ ውጤት አግኝቷል። አሁን ፓተንት ሊጠይቅ ነው። ፈጣሪ ተብሎ ማን ይጻፍ? ማመልከቻውን በቻትቦት ብናስጽፍስ? በማሽን መታገዛችንን የመናገር ግዴታ አለብን? ነው ያላችሁት። አሜሪካና አውሮፓ ለማስገባት እንዳሰባችሁ ስለጻፋችሁ መልሴም በዋናነት ስለ ሁለቱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሽን ፈጣሪ ተብሎ ይመዝገብ የሚለው ክርክር አብቅቷል ማለት ይቻላል። ስቲቨን ታለር የሚባሉ አሜሪካዊ ዳቡስ ያሉትን ማሽናቸውን ብቸኛ ፈጣሪ አድርገው ከ2018 ጀምሮ በየአገሩ አመለከቱ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ቦርድ በዲሴምበር 2021፣ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኦገስት 2022፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በዲሴምበር 2023 ሳይቀበሏቸው ቀሩ። አውስትራሊያ አንድ ዳኛ በ2021 ፈቅደውላቸው በ2022 በይግባኝ ተሽሯል። ደቡብ አፍሪካ በ2021 መስጠቷን እያነሱ የሚከራከሩ አሉ፤ እዚያ ግን የሚታየው ፎርሙ በትክክል መሞላቱ እንጂ የፈጠራው ይዘት ስላልነበር ብዙ የሚያስኬድ ማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ የቀረው ጥያቄ የትኛው ሰው፣ ምን ስላደረገ ነው ፈጣሪ የሚባለው የሚለው ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ መለኪያው የቆየ ነው፤ የተሟላና የሚሠራው ፈጠራ፣ የተቆረጠና የማያወላውል ሐሳብ ሆኖ በሰውየው አእምሮ ውስጥ መቀረጽ አለበት። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው መመሪያ፣ የጋራ ፈጣሪዎችን ለመለየት የሚሠራባቸውን የፓኑ ሦስት መለኪያዎች (ስማቸው የመጣው ከአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው) በማሽን ለታገዘ ሥራም አውሎ ነበር። በኖቬምበር 2025 ግን ያንን መመሪያ ሙሉ በሙሉ ሽሮ በሌላ ተካው። አሁን ቢሮው የሚለው ማሽኑ እንደማንኛውም የላቦራቶሪ ዕቃ መሣሪያ ነው፤ የፓኑ መለኪያዎች የሚሠሩት ከአንድ በላይ ሰው ሲኖር፣ በሰዎቹ መካከል ነው። ልብ በሉ፣ ኢንተርኔት ላይ አሁንም የ2024ቱን የሚያስተምር ማብራሪያ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ቻትቦት ብትጠይቁም ያንኑ ሊመልስላችሁ ይችላል።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ፕሮግራሙን «ሙቀቱን የሚቀንስ ቦይ አውጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ችግሩን መንገር እንጂ መፍትሔውን ማሰብ አይደለም። የወጣውን አይቶ «ይህ ጥሩ ነው» ማለት ብቻውንም ደካማ መሠረት ነው። ለምሳሌ ፕሮግራሙ ሁለት መቶ ቅርጽ አወጣ እንበል። ኢንጂነሯ አንዱን መረጠች። ቦዩ ወደ 0.3 ሚሊሜትር የሚጠብበት ቦታ ውሃው ይዞት በሚመጣው ደቃቅ እንደሚደፈን አይታ 0.6 አደረገችው። ሲሰፋ የውሃው ፍጥነት ስለቀነሰና የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለወረደ ደግሞ ከማጠፊያው ቀጥሎ ሁለቱን ጎረቤት ቦዮች የሚያገናኝ ቀዳዳ ጨመረችበት። ማመልከቻው መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው። ክሌም 1፣ ማለትም የምትጠይቁት መብት ወሰን የሚሰመርበት የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ስፋቱንና ማገናኛ ቀዳዳውን ይያዝ። ፕሮግራሙ ያወጣውን ጥምዝ ብቻ ከያዘ፣ ነገ ተከሳሹ «ይህን ማን አሰበው?» ብሎ ሲጠይቅ የምትሰጡት መልስ አይኖርም።

ፈጣሪነት የሚታየው ክሌም በክሌም ነው። አለቃን ለአክብሮት ብሎ ማስገባት፣ ስሌቱን የሠራውን ወጣት መዝለል ሁለቱም ችግር ያመጣሉ። በአሜሪካ ሕግ የተዘለለ ሰው በኋላም ሊታረም ይችላል፤ ጭራሽ ያሰበው ሰው የሌለ ክሌም ግን ስም በማስተካከል አይድንም። ሌላው የሚረሳው ሰው የፕሮግራሙ ሻጭ ኢንጂነር ነው። ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ መሸጡ ብቻ ፈጣሪ አያደርገውም። ለእናንተ ሳህን ብሎ ተቀምጦ መፍትሔው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ነገር ካሰበበት ግን የጋራ ፈጣሪ ነኝ ሊል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የጋራ ባለቤት ሌላውን ሳያስፈቅድ ፈጠራውን ሊጠቀምበትና ለሌላም ሊፈቅድ ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመብት ማስተላለፊያ ውል ከማመልከቻው በፊት ይፈረም።

መዝገቡን በተመለከተ፣ ቀኑ፣ የፕሮግራሙ ስምና ዕትም፣ ያስገባችሁት ገደብና ዒላማ፣ ያልተነካው የውጤት ፋይል፣ የጣላችሁት ቅርጽና የጣላችሁበት ምክንያት፣ የለወጣችሁትና ማን እንደለወጠው ይያዝ። ዋናው ምክንያቱ ነው። «ቅርጽ 87 ተመርጧል» የሚል መስመር አይጠቅምም። «ቅርጽ 87፣ ሁለተኛው ማጠፊያ ላይ ይደፈናል፣ ስፋቱን ወደ 0.6 ቀይሬ የጎን ማገናኛ ጨመርኩ» የሚለው ግን የሰው ሐሳብ መቼና እንዴት እንደተቀረጸ ያሳያል። ከቻትቦት ጋር የተጻጻፋችሁትንም አታጥፉ። ክስ ቢመጣ ሌላው ወገን ሊጠይቀው ይችላል፣ ለእናንተም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሐሳብ ሲጠፋችሁ «መፍትሔውን አንተ ንገረኝ» ብላችሁ የጻፋችሁት መስመርም አብሮ እንደሚነበብ ግን እወቁ።

በማሽን መታገዛችሁን በየማመልከቻው የመናገር አጠቃላይ ግዴታ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን የፓተንት መብቱን ሊነካ የሚችል ነገር ካወቃችሁ መደበቅ አትችሉም፤ አንድ ክሌም ላይ የሰው ሐሳብ እንደሌለ እያወቃችሁ ዝም ማለት እዚህ ውስጥ ይገባል። የአውሮፓ ቢሮ የፈጣሪ ስም መሰየሙን እንጂ ትክክል መሆኑን አያጣራም፤ ጥያቄው የሚነሳው ኋላ በየአገሩ ፍርድ ቤት ነው። የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 የወሰነውም ሰው ይሰየም፣ ማሽን መርዳቱን መጥቀስ ግን ይቻላል የሚል ነው። በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያ ማመልከቻችሁ ማሽንን ብቸኛ ፈጣሪ ካደረገ አሜሪካ ላይ ቀዳሚ ቀኑን፣ ማለትም ያ የመጀመሪያ ማመልከቻ የገባበትን ቀን፣ መጠቀም አትችሉም። ስለዚህ «ለሙከራ» ብሎ ሌላ አገር እንደዚያ ማስገባት አይታሰብ።

አሁን ወደ ቻትቦቱ። ከማስጻፉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ምን ትለጥፉበታላችሁ የሚለው ነው። አውሮፓ ላይ ማመልከቻ ከገባበት ቀን በፊት ለሕዝብ የተገለጠ ነገር፣ በራሳችሁ አፍ ቢሆን እንኳ፣ አዲስነትን ያሳጣል፤ ከዚህ የሚወጡት ሁኔታዎች በጣም ጠባብ ናቸው። አሜሪካ የአንድ ዓመት ፋታ ትሰጣለች፣ አውሮፓ ግን ያንን አታውቅም። ነጻ ቻትቦት ላይ መለጠፍ ብቻውን «ለሕዝብ መግለጥ» ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የአገልግሎት ውሉ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ካላስቀመጠና የጻፋችሁትን ለሥልጠና እጠቀምበታለሁ ካለ ግን ክርክሩን ለተቃዋሚ በነጻ እየሰጣችሁት ነው። ስለዚህ ወይ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ለሥልጠና የማይጠቀምና ማከማቸትን የሚገድብ የድርጅት ውል ግቡ፤ ወይ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሞዴል ተጠቀሙ። «ዝርዝሩን አልለጠፍኩም፣ ጠቅለል አድርጌ ነው» የሚለውን አልወደውም፤ ጥሩ ጥያቄ ለመጠየቅ የግድ ዋናውን ነገር ትነግሩታላችሁ። ሥራው አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ቴክኒካዊ መረጃ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር መላክ የኤክስፖርት ሕግን ሊነካ ይችላል። ውጭ አገር ለማመልከት የሚሰጠው ፈቃድ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ተብሎ መረጃ መላክን አይሸፍንም፤ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ በኤፕሪል 2024 መመሪያው ይህንን ለይቶ አንስቷል።

መጻፉ ላይ፣ ቻትቦት ያረቀቀው ማመልከቻ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ የሚገኘው አንድ በአንድ ሲነበብ ነው። ክሌሙ «ከላይ የተጠቀሰው ማከፋፈያ» ይላል፣ ከላይ የተጠቀሰ ማከፋፈያ የለም። ክሌሙ ላይ «ማገናኛ ቀዳዳ» ያለውን መግለጫው ላይ «መሸጋገሪያ» ይለዋል፣ አንድ ይሁኑ ሁለት አይታወቅም። ሥዕሉ ላይ ቁጥር 14 ግድግዳ የነበረው ገጽ 9 ላይ ቦይ ይሆናል። «ፈጠራው የግድ መዳብ ይፈልጋል» ብሎ ይጽፍና አሉሚኒየም የሚጠቀመውን ተፎካካሪ በአንዲት ቃል በነጻ ይለቅላችኋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያልተሠራ ሙከራ ነው። «ናሙናው ተፈትኖ ሙቀቱ በ18 ከመቶ ቀነሰ» ብሎ ከራሱ አውጥቶ ይጽፋል። አሜሪካ ውስጥ ያልተሠራ ምሳሌ ማመልከቻ ላይ ማስገባት ይፈቀዳል፣ ነገር ግን በኃላፊ ጊዜ መጻፍ የለበትም፤ «ይቀንሳል»፣ «ይጠበቃል» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንደተሠራ አድርጎ መጻፍ ከማታለል ከተቆጠረ ፓተንቱ በሙሉ እንዳይከበር ሊያደርገው ይችላል። አውሮፓ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ያልተጻፈን ነገር ኋላ መጨመር አይቻልም፤ ቻትቦቱ የዘለለው የስፋት ክልል ከማስገቢያው ቀን በኋላ ትዝ ቢላችሁ ዋጋ የለውም።

እኔ የምመክረው ክሌም 1ን፣ የየልኬቱን ክልልና ምክንያቱን ሰው ይጻፍ። ቻትቦቱን ለማጣራት ተጠቀሙበት፤ በየክሌሙ ያለ ቃል መግለጫው ላይ የት እንዳለ አንቀጽ እየጠቀሰ ያሳይ፣ የሥዕል ቁጥሮችን ያመሳክር፣ አጭር መግለጫውን አሜሪካ ከምትፈቅደው 150 ቃል በታች ያድርግ። እዚህ ላይ በእውነት ጊዜ ይቆጥባል። የክሌም ብዛትም ተቆጣጠሩ፤ «ሌላ ጨምርልኝ» ሲሉት ሠላሳ አርባ ይደረድራል። አሜሪካ ከ20 በላይ ለሆነው፣ ወይም ራሳቸውን ችለው የሚቆሙት ከ3 ሲያልፉ፣ አውሮፓ ደግሞ ከ16ኛው ጀምሮ ተጨማሪ ያስከፍላሉ።

የቀድሞ ፓተንት ፍለጋ ላይም እንዲሁ ነው። ቻትቦት የሚሰጣችሁን ቁጥር አንድም ሳታስቀሩ ከፍታችሁ እዩት። ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ይዘቱ ስለ ሌላ ነገር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በቻትቦት አስወጥተው ያቀረቡ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጉዳዩ የፓተንት አልነበረም፣ ፓተንት ቢሮውም ግን ኃላፊነቱን በፈራሚው ላይ ነው የሚያደርገው። ከቃሉ ይልቅ የቃሉን ፍቺ ይዘው የሚፈልጉ መሣሪያዎች በሌላ ቃል የተገለጸን ሐሳብ በማግኘት ጎበዞች ናቸው፤ የልኬት ክልል ላይ ግን ደካሞች ናቸው፣ 0.6 ሚሊሜትርና 6 ሚሊሜትር ለእነሱ ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ በምድብ ፍለጋም፣ ማለትም የፓተንት ሰነዶች በየዘርፉ በሚመደቡባቸው ኮዶች፣ አግዙት፤ ለእናንተ ኤች05ኬ 7/20 (የኤሌክትሮኒክስ ማቀዝቀዣ) እና ኤፍ28ኤፍ (የሙቀት ማስተላለፊያ ክፍሎች) መነሻ ይሆናሉ። የፓተንት ቢሮ መርማሪዎችም እነዚህን መሣሪያዎች ስለሚጠቀሙ ከሩቅ ዘርፍ፣ ለምሳሌ ከሞተር ማቀዝቀዣ፣ የመጣ ሰነድ ቢጠቅሱባችሁ አይግረማችሁ።

ሳህኑን ትታችሁ ቅርጹን ያወጣውን ዘዴ ራሱን ፓተንት እናድርገው ካላችሁ መንገዱ ይጠባል። የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 በሪሴንቲቭ ጉዳይ፣ የታወቀ የማሽን ትምህርት ዘዴን ወደ አዲስ ዘርፍ መውሰድ ብቻ ለፓተንት አያበቃም ብሏል። የሞዴሉን ራሱን አሠራር ማሻሻል ሌላ ነው፤ ሞዴሉ አዲስ ሲማር የቀድሞውን እንዳይረሳ የሚያደርገው የዴዣርዳን ማመልከቻ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ይህንን ፈተና አልፏል። የአውሮፓ ቢሮ ደግሞ በቲ 161/18 ውሳኔው የሥልጠናው ዳታ ምን ዓይነት እንደሆነ ያልገለጸ የኒውራል ኔትወርክ (ከዳታ የሚማር የፕሮግራም ዓይነት) ማመልከቻን ውድቅ አድርጓል። ዳታችሁን መግለጥ ካልፈለጋችሁ ሳህኑን ፓተንት አድርጉ፣ ዘዴውን በንግድ ምስጢርነት ያዙት። ሳህኑ ተፈትቶ ሲታይ ቅርጹ ይገለጣል፣ እንዴት እንደወጣ ግን አይታይበትም።

አንድ ያልጻፋችሁት ነገር አለ። ናሙናውን ለደንበኛ አሳይታችኋል ወይስ በየትኛውም ቦታ አቅርባችኋል? አሳይታችሁ ከሆነ ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ ሰው ነበር ወይ የሚለውንና ቀኑን ጨምሩልኝ። የአውሮፓው ማመልከቻ ጨርሶ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለው በዚያ ስለሚወሰን፣ ሌላውን ከመጀመራችን በፊት እሱን እንይ።