የቤተሰብ የንባብ ቻሌንጅ ለምን ታኅሣሥ ላይ ይቆማል?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የ14 ዓመት ሴት፣ የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት። እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ባለፈው መስከረም «በዓመት ሃያ ሃያ መጽሐፍ» ተባብለን የንባብ ቻሌንጅ ጀመርን። ሳሎን ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ሰቅለን ላነበበ ሁሉ ኮከብ እንለጥፍ ነበር። ትልቋ ቀጫጭን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እየመረጠች ቶሎ ሞላችው። ወንዱ ያላነበበውን «አነበብኩ» ማለት አመጣ። ትንሿ ገና ፊደል እየለየች ስለሆነ ቦታዋ ባዶ ሲሆንባት ታለቅስ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ተወው። ዘንድሮ ብንደግመው ምን እናድርግ? ወይስ የእኛ ቤት ለዚህ ነገር አይሆንም?
አባት፣ ከገርጂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤትዎ በደንብ ይሆናል። ሠንጠረዡን ግን ዛሬውኑ ያውርዱት። የ14 ዓመትና የ6 ዓመት ልጅ እኩል «ሃያ» ሲባሉ ትንሿ ሳትጀምር ተሸንፋለች፤ ትልቋ ደግሞ ቀጭን መጽሐፍ መምረጥ ተምራለች። ወንዱንም አይቆጡት። ቁጥር የተጠየቀ ልጅ ቁጥር ይሰጣል።

እኔ ደሴ ውስጥ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ይዤው የወጣሁት ምክር አንድ ነው፦ ቆጠራው የቤቱ ይሁን። አንድ ደብተር ይግዙ። በወር አንድ፣ በዓመት አሥራ ሁለት መጽሐፍ ለመላው ቤተሰብ። ደብተሩ ላይ የሚመዘገበው ጮክ ተብሎ የተነበበና ቢያንስ ሁለት ሰው አብሮ የሰማው ብቻ ነው። ልጆቹ ለብቻቸው የሚያነቡት የግላቸው ነው፤ ማንም አይጠይቃቸው፣ ማንም አይቁጠርባቸው።

ጮክ ብሎ ማንበቡ ላይ የማልደራደረው በፊደላችን ምክንያት ነው። ልጅዎ ሠላሳ ሦስቱን ከነሰባት ድምፃቸው፣ 231ዱንም ለይቶ ይሆናል። አጻጻፋችን ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ የነገሩ ቁም ነገር ነው። ገጹ ላይ ግን ምንም ልዩነት የላቸውም። አንባቢው የሚለያቸው ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባው ነው፤ እንዲገባው ደግሞ ቋንቋው አስቀድሞ ጆሮው ውስጥ መኖር አለበት። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲያነብ የሚውል የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ላይ ሲደርስ የሚንተባተበው እዚህ ጋ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራዋል፤ ሐሳቡ ግን አይመጣለትም። ሐሳቡ ያልመጣለት ልጅ መጽሐፉን ይዘጋና «አነበብኩ» ይላል። የወንዱ ልጅዎ ነገር ይህ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ እቤትዎ አሉ፤ እናትዎ። ማንበብ ይቻሉ አይቻሉ አልነገሩኝም፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ያው ነው። የእኔ እናት ፊደል አልቆጠረችም። ልጄ ሲያነብላት አንዱን ቃል ያለ ቦታው ካጠበቀው ግን ወዲያው «ምን? እስቲ መልሰው» ትለዋለች። ገጹን አላየችም፤ አማርኛው እንደተሰበረ ግን ሰምታለች። እሱም ይመለሳል፣ ያቃናዋል፣ ይቀጥላል። እኔ ሳርመው ይከፋዋል። ለእሷ ሲሆን ግን እሱ ነው አስረጂው፤ ማን ምን እንዳለ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ እየቆመ ይነግራታል። እንዲህ ያለ አስተማሪ በገንዘብ አይገኝም።

ስለዚህ ወንዱ ልጅዎ የአያቱ አንባቢ ይሁን። ሹመቱን በግልጽ ይስጡት፤ መጽሐፉንም ሁለቱ ይምረጡ። «ምን ተማርክበት?» ብለው አይፈትኑት። መጠየቅ ካማረዎት «ዛሬ ለአያትህ የትኛውን ታነብላታለህ?» ይበሉት፤ ያላነበበ ልጅ እዚህ ጥያቄ ላይ መዋሸት አያስፈልገውም፣ ገልጦ ይጀምራል። በሥራ ቀን ከራት በኋላ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እሁድ ቡና ሲፈላ ረዘም ይበል፤ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ምዕራፍ ያልቃል። ያን ጊዜ የሁሉም ስልክ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ትንሿ አንዱን መጽሐፍ «እንደገና! እንደገና!» ካለች ደስ ይበላችሁ። ፊደል የምትለይ ልጅ በቃል የያዘችውን ታሪክ ገጹ ላይ ስታገኘው ነው ቃሉን በሙሉ በዓይኗ መያዝ የምትጀምረው። የደጋገመችውም ይመዝገብላት።

ለትልቋ እንግሊዝኛውን አይንፈጓት፤ በዚያ ዕድሜ የሚያነብ ልጅ ማግኘት በረከት ነው። በወር አንድ ቀን ግን ካነበበችው አንዱን መርጣ ለአያቷ በአማርኛ ትተርክላት። በእንግሊዝኛ ያነበቡትን አያት በሚገባት አማርኛ መልሶ መናገር ለአዋቂም ይከብዳል፤ ልጅቷ እንደምትወደው አልጠራጠርም። የተተረከውም ደብተሩ ላይ ይግባ።

አንዱ ወር ደግሞ የእናትዎ ይሁን። ተረት ይንገሩ፤ ልጆቹ «የላም በረት» ይበሉ። ወንዱና ትልቋ እየተቀባበሉ ይጻፉት፣ ትንሿ ትሣልበት፣ ወረቀቱ በክር ይሰፋ። የዚያ ወር መጽሐፍ ያ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ብቻ የመምረጥ ዕድል ቢሰጠኝ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ የእናትዎን ተረት የትም መደብር አያገኙትም።

«መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠራል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይቆጠራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። ብዙ ሰው መጽሐፉን ፈልጎ የገዛውም ከሰማው በኋላ ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋ ማታ፣ ወይም እርስዎ ደክሞዎት በገቡ ቀን፣ የተተረከ መጽሐፍ አብራችሁ ብትሰሙ ይመዝገብ።

ታኅሣሥ ላይ የቆመበትን ምክንያት ደግሞ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አብረው ይዩት። የመስከረም ሙቀት እስከ ኅዳር ይሄዳል፤ ከዚያ የገና ዝግጅት ይመጣል፣ ተከትሎም የአንደኛው መንፈቅ ፈተና። ለጥርና ለሰኔ አስቀድመው በጣም አጭር መጽሐፍ ይመድቡ፤ የአሥር ገጽ የልጆች መጽሐፍ ቢሆን ማንም አያፍርበት። ወፍራሙን ለሐምሌና ለነሐሴ ያቆዩት፤ ልጆቹ እቤት ናቸው፣ ዝናቡም አያስወጣም። ጳጉሜን አዲስ መጽሐፍ የለም፤ እያንዳንዱ ከዓመቱ የወደደውን ገጽ መርጦ ያነባል። አዲስ ዓመት ላይ ሴቶቹ በአበባየሆሽ፣ ወንዱ በአበባ ሥዕሉ ያገኙትን ብር አዋጥተው የመስከረምን መጽሐፍ ይግዙ። በራሱ ገንዘብ የገዛውን መጽሐፍ ልጅ አይጥልም። ሌላ ሽልማት አይጨምሩ፤ በተለይ ላነበቡበት ብር አይክፈሏቸው።

መጽሐፍ የት ይገኛል ለሚለው፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው፤ ለልጆች የተለየ ቦታም አለው። ከገርጂ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይውሰዷቸው። ያገለገለ መጽሐፍ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ ሻጮች ተከራክረው ይገዛሉ። ለትንሿ ደግሞ በአፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ ላይ የአማርኛ የልጆች ታሪኮች በነጻ አሉ፤ ቢሮ ውስጥ ማተሚያ ካለ አትመው ያምጡላት፣ በስልክ ከማንበብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው ለንደን ነው። የ8 ዓመት ልጄ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የበጋ የንባብ ቻሌንጅ ተመዝግባለች። የአማርኛ መጽሐፍ ማስቆጠር ትችላለች? እኔ ሳነብላት የሰማችውስ?
እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ ትችላለች። ይህ ሰመር ሪዲንግ ቻሌንጅ የሚሉት በሪዲንግ ኤጀንሲና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትብብር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ነው። በነጻ ነው፤ በዋናነት ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን የተለመደው ግብ ስድስት መጽሐፍ ነው። ምን እንደሚያነቡ የሚመርጡት ልጆቹ ናቸው፤ ታሪክ ይሁን፣ የቀልድ መጽሐፍ ይሁን፣ የሚደመጥም ይሁን ይሆናል። የአማርኛውን ይዛ ትሂድና ስለ መጽሐፉ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ትንገራቸው። ሠራተኞቹ ፊደሉን አይተው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ እሷ አስተማሪ ትሆናለች።

ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም የሚወጡ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያላቸው የልጆች መጻሕፍት አሉ፤ አማርኛ ማንበብ ላልጠነከረች ልጅ ይመቻሉ። ከስድስቱ ሁለቱን አማርኛ አድርጊያቸው። አንዱን አንቺ አንብቢላት፤ ሁለተኛውን እሁድ እሁድ ለአያቷ በስልክ እሷ ታንብብ።