የሮሐን ዱኮችና የጌሜኔ ልዑላን፦ አንድ ቤተሰብ ናቸው?

ጥያቄ፦ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሳነብ የሮሐን ዱክ፣ የጌሜኔ ልዑል፣ የሱቢዝ ልዑል፣ ካርዲናል ሮሐን እየተባለ ይደበላለቅብኛል። ዘመዳሞች ናቸው? ማዕረጉንስ እንደ እኛ ራሶች በሹመት ነው የሚያገኙት ወይስ በውርስ?
አንባቢ፣ ከአዘዞ (ጎንደር)

መልስ፦ ግንዱ አንድ ነው፤ ሁሉም የብሬታኝ (የምዕራብ ፈረንሳይ ግዛት) ባላባቶች ከነበሩት የሮሐን ቪኮንቶች (ከዱክ በታች ያለ ማዕረግ) ይወለዳሉ። ጌሜኔ አንዱ ቅርንጫፍ ነው፤ ካርዲናሉ ከእሱ ነው፣ ሱቢዞችም ከእሱ ወጡ።

ማዕረጉ ግን ከጎንደር ዘመን ሥርዓት ይለያል። እዚህ ራስነት ለሰውዬው የሚሰጥ ሹመት ነበር፤ የየጁ ራሶች እንኳ ከአንድ ቤት ተከታትለው ቢነሡም የሚሾሙት በንጉሡ ስም ነው። በነገሥታቱ ዘመን በፈረንሳይ ዱክነት የሚተከለው በመሬት ላይ ነበር። ንጉሡ ግዛቱን በደብዳቤ ወደ ዱክነት ያሳድግ ነበር፤ ደብዳቤው የፓሪስ ፓርላማ በሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲመዘገብ ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ሳይመዘገብ በንጉሡ ወረቀት ብቻ ዱክ የሆነ ሰው ግን ማዕረጉ ከሞቱ አያልፍም ነበር። ለእኛ ራስነት የሚቀርበው ይህኛው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሚቀጥለው ነገር ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1603 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሮሐንን ግዛት ዱክነት ያደረገው ለሄንሪ ደ ሮሐን ነበር። እሱ በ1638 ያለ ወንድ ልጅ ሲሞት ዱክነቱ ተቋረጠ። ልጁ ማርግሪት በ1645 ሄንሪ ሻቦን አገባች፤ በ1648 ለባሏ አዲስ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ልጆቻቸውም የሮሐንን ስምና አርማ እንዲይዙ ተደረገ። ስለዚህ ከ1638 በፊት «የሮሐን ዱክ» ካነበቡ በአባት ሮሐን ነው፤ ከ1648 ወዲህ ከሆነ በአባት ሻቦ ነው። ዛሬ በብሬታኝ ያለው የዦስላን ቤተ መንግሥት ባለቤቶች እነዚህ ሁለተኞቹ ናቸው። አርማውም ይለያቸዋል፤ የሮሐን በቀይ መደብ ላይ መሃላቸው ክፍት የሆነ ዘጠኝ የወርቅ አልማዝ ቅርጾች ነው፤ ሦስት ቀይ ዓሣ ከተጨመረበት የሻቦ ነው። የሮሐን ዱክ የሆነው አባት በሕይወት እያለ የበኩር ልጁ «የሌዮን ልዑል» ስለሚባል አንድ ሰው በሁለት ስም ሊገኝ እንደሚችልም ያስተውሉ።

«ልዑል» ሲባልም ከዱክ ይበልጣል ብለው አይገምቱ። ጌሜኔ በ1570፣ ሱቢዝ በ1667 የልዑል ግዛት ቢባሉም፣ ያ ብቻውን በቤተ መንግሥት ቅድሚያ አይሰጥም ነበር። ቅድሚያውን ያገኙት ከጥንት የብሬታኝ ገዢዎች እንወለዳለን ብለው ተከራክረው እንደ ውጭ አገር ልዑላን በመቆጠራቸው ነው። ክብሩ ግን ከኪሳራ አላዳናቸውም፤ የጌሜኔ ልዑል በ1782 በ33 ሚሊዮን ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ገደማ ዕዳ ወደቀ። የሱቢዝ ቅርንጫፍም በ1787 ያለ ወንድ ወራሽ ቀረ።

በ1790 መኳንንትነት በሕግ ተሻረ፤ በ1814 ነባሮቹ ማዕረጋቸው ተመለሰላቸው። የጌሜኔ ዘሮች ግን በኦስትሪያ ግዛት ሰፍረው በ1820 ቦሄሚያ (በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ) ውስጥ የሲክሮቭን ቤተ መንግሥት ገዙ፤ እስከ 1945 የነሱ ነበር።